የሁለት ዓመት ዋጋ

ኢዋን ወደ ብሪዮኒ ሕይወት የገባው በጣሪያ በኩል ነው።

የእንግሊዟ የወደብ ከተማ የግሪምስቢ የባሕር ነፋስ የጠባቧን ቤቷን የድንጋይ ክዳን ገፎ ጓሮ የበተነው ጊዜ፣ ጎረቤቷ የጠራላት ጣሪያ ሠሪ እሱ ነበር። ሥራውን ጨርሶ ሲወርድ ሻይ ሰጠችው። ተቀመጥ ብትለው ሱሪዬ ቆሻሻ ነው ብሎ፣ ኩባያውን በሁለት እጁ አቅፎ በቁሙ ጠጣ። በሳምንቱ ማንም ሳይጠራው ተመለሰ።

«ዝናብ ያስገባ እንደሆን ልይ ብዬ ነው።»

«ዝናብ እኮ አልዘነበም።»

«እሱንም አይቻለሁ» አለና ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ያን ዕለት ሱሪው ንጹሕ ነበር።

ዓመት ሳይሞላ የቤቷን ቁልፍ ሰጠችው። አብሮ ለመኖር ግን አልተመቻቸውም። ኢዋን ዓይኑ የጠፋ አባቱን ሲሪልን የሚጦር ልጅ ነበር፤ የብሪዮኒ መኝታ ደግሞ ሽማግሌ በማይወጣው ቀጥ ያለ ደረጃ አናት ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን፣ ምድር ቤቱ ላይ መኝታ ያለው ቤት አብረን እንግዛ አላት።

ብሪዮኒ መስኮት መስኮቱን እያየች «ሁለት ዓመት ይቆይ» አለችው። ለምን እንደሆነ አልነገረችውም።

ምክንያቱ የቤቱ ዕዳ ነበር። ስትገዛው ለአምስት ዓመት ወለዱ የማይነቃነቅ ውል ገብታለች። ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል፤ ቤቱን ለመሸጥ ብላ ቀድማ ካፈረሰችው ቅጣቱ ያጠራቀመችውን ሁሉ ይበላል። ውሉን ወደ አዲሱ ቤት ላዙረው ብላ ባንኩን በድብቅ ጠይቃ ነበር። የሰውየው ገቢ የሚጨበጥ አይደለም፣ አብሮ ሊፈርም አይችልም አሏት። ይህን እንዴት አድርጋ ትንገረው? እሷ ባደገችበት ቤት የደመወዝና የዕዳ ነገር ማዕድ ላይ አይነሳም፤ አባቷም ደመወዙን ለሚስቱ ሳይነግራት ነው የሞተው።

ኢዋን ዝምታዋን በሌላ ተረጎመው። ቁልፍ እያለው ማንኳኳት ጀመረ።

አንድ እሑድ ቁልፉን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት።

«ብሪ፣ ሁለት ዓመት ማለት እምቢ ማለት ከሆነ፣ እምቢ በይኝ። እኔ ከጣሪያም ወድቄ አውቃለሁ፤ አልሞትኩም።»

ያን ጊዜ ሁሉንም ዘረገፈችለት።

«ባንኩ ከሰው አልቆጠረውም ብለሽ ነው የደበቅሽኝ?»

«አዎ።»

«የኔ ሞኝ። ብርዱ ገብቶ ሥራ ሲጠፋ እኮ እኔም ራሴን ከሰው አልቆጥርም።»

ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። ቁልፉን አንስታ ኪሱ ውስጥ መልሳ ከተተችው።

ምክንያቱን ካወቀ በኋላ ግን እንጠብቅ ባዩ እሱ ሆነ። ላብሽን ለባንክ አትገብሪም አለ። እናቷ ሞሪንም ደገፈችው።

«ሁለት ዓመት ምን አላት፣ አንቺ ልጅ? ዓይንሽን ጨፍነሽ ስትገልጪ ያልፋል።»

«እማዬ፣ አባዬ ጡረታ ስወጣ እሳፈርበታለሁ ያለው ጀልባ የታለ?»

ሞሪን ሻይዋን አማሰለች። «ጓሮ ነው» አለች በመጨረሻ። ጀልባው አንድ ቀን እንኳ ውኃ ሳይነካ እንደተሸፈነ ነበር። በማግሥቱ ማንንም ሳታማክር ሸጠችውና ገንዘቡን ለልጇ ሰጠች። የጎደለውን ብሪዮኒና ኢዋን ሞሉ፤ ቅጣቱ ተከፍሎ ውሉ ፈረሰ፤ ለአዲሱ ቤትም ሌላ ባንክ አበደራቸው።

አዲሱ ቤት የገቡ ዕለት ማንቆርቆሪያው የትኛው ካርቶን ውስጥ እንደገባ ጠፋ። ሻዩን በድስት አፍልተው፣ ወለል ላይ ተቀምጠው ጠጡ። ሲሪል የምድር ቤት መኝታውን ግድግዳ በእጁ እየዳሰሰ ዞረና «ሰፊ ነው» አለ። ኢዋን ሳይመሽ ጣሪያውን ልይ ብሎ መሰላል ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ እግሯን ጭኑ ላይ አድርጎ ሲያሞቅላት፣ ጠዋት ሲላጭ እያፏጨ ዜማውን ሲያጠፋው፣ እንዲህ እንዲህ እያሉ አንድ ዓመት አልፈው ሁለተኛውን አጋመሱ።

በዚያው መጸው፣ ቅጠል ሲረግፍ፣ የኢዋን ልብ በእንቅልፉ ቆመ።

ብርዱ አልፎ፣ አሮጌው ውል ሊያበቃ የነበረበት የጸደይ ቀን ሲመጣ ብሪዮኒ ለማንም አልተናገረችም። ሞሪን ግን ቀኑን አልረሳችውም ነበር፤ ኬክ ይዛ መጣች። ማዕድ ላይ ስለ ገንዘብ ተናግራ የማታውቀው ሴት ኬኩን ቆርሳ ለልጇ እየሰጠች፣ ቀስ ብላ፣

«ጠብቃችሁ ቢሆን ዛሬ ነበር ቤት መፈለግ የምትጀምሩት» አለች። «ያ ቅጣት ርካሽ ነበር፣ ልጄ።»

ውጭ ዝናቡ መውረድ ጀመረ። ሲሪል ከወንበሩ ቀና ብሎ ጆሮውን ወደ ጣሪያው አቀና።

«ያስገባል እንዴ?»

ብሪዮኒ እጁን ያዘችው።

«አያስገባም፣ አባባ። እሱ አይቶታል።»