የቀኙ ወንበር ቀበቶ

ማክሰኞ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2014፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ። በመቆጣጠሪያው ማማ ውስጥ የአደጋ ጊዜ ምልክት ጮኸ፤ ከስድስት ደቂቃ በኋላም ተቋረጠ። ተረኛው ሠራተኛ፣ አንድ ተማሪ ሲያርፍ አውሮፕላኑን መሬት አላትሞት ይሆናል ብሎ አለፈው። እንዲህ ያለ የሐሰት ጩኸት በየሳምንቱ ያጋጥማል። ሲድ የምንለው ወንድሜ ኢሲድሮ ማግባኑዋ የተገኘው በማግሥቱ ጠዋት፣ ከማንጎው እርሻ ጀርባ ካለው ኮረብታ ላይ ነው። በግራው ወንበር እንደታሰረ ሞቶ ነበር።

ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን የበረረ ዕለት ጓደኞቹ በባልዲ ውሃ ሲደፉበት አብሬ ስቄያለሁ። የግል አብራሪነት ፈቃዱን፣ ቀጥሎም የንግዱን አገኘ። የቀረው ውጭውን ሳያይ በመሣሪያ ብቻ ለመብረር የሚያስችለው ፈቃድ ነበር። ለዚያ አርባ ሰዓት የልምምድ በረራ ያስፈልጋል፤ ሲድ ሠላሳ ዘጠኝ ነበረው።

የበረራ ትምህርት ቤቱ ያዘጋጀው ሪፖርት አንድ መስመር ተኩል ነው፦ «ተማሪው ብቻውን፣ በጠራ ሰማይ፣ ዝቅ ብሎ ሲጫወት ኮረብታ መታ።» ቅዳሜ ሊፈረም ነው ተባለ። እናቴ ሲነበብላት «ልጄ ሲጫወት ነው የሞተው ሊሉኝ ነው?» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

መርማሪዋ ሶኮሮ አባን ዓርብ ከማኒላ መጡ። አጭር፣ ሽበታም ሴት ናቸው፤ ኪሳቸው ውስጥ የተቆላ ኦቾሎኒ አይጠፋም። ፍርስራሹ በተቀመጠበት ሃንጋር፣ በአውሮፕላን ማቆሚያው አዳራሽ፣ በር ላይ ቆሜ ሲያዩኝ፣

«አንቺ ማነሽ?»

«እህቱ ነኝ። ዴሊያ።»

«ማልቀስ ከፈለግሽ ውጭ። ማየት ከፈለግሽ ግቢ።»

ገባሁ።

ፍርስራሹን አንድ ሰዓት ሙሉ ዞሩት። የቀኙ ወንበር እስከ መጨረሻው ቀዳዳ ወደ ፊት ተስቦ ተቆልፏል። ቀበቶው ሳይቀደድ፣ ተፈትቶ ተንጠልጥሏል። የአደጋ ምልክት መስጫው ማብሪያ «ዝግ» ላይ ነው። ከዚያ ሲድ ሲገኝ የተነሳውን ፎቶግራፍ አወጡ። ዓይኖቹ ላይ ተማሪዎች ከመሣሪያው በቀር ውጭውን እንዳያዩ የሚያደርጉት የፕላስቲክ መከለያ ነበር።

«ሬሳውን ያወረዱት ይህን ቀበቶ ነክተዋል?» ሲሉ ካፒቴን ቪላሮሳን፣ የትምህርት ቤቱን ዋና አስተማሪ፣ ጠየቁ። በሩን ጎንበስ ብለው የሚያልፉ፣ ሁሉም «ካፕ» የሚሏቸው ረጅም ሰው ናቸው።

«ጠይቄያለሁ። የልጁን ብቻ ነው የፈታነው አሉ። ባዶ ወንበር ማን ይፈታል?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ካፕ። ያዙልኝ።»

ቀጥላ የገባችው ሊጋያ ናት፤ የሲድ አስተማሪ። ከእኔም ታጥራለች። ሰኞ ዕለት ከሲድ ጋር ሲጯጯሁ ግቢው ሁሉ ሰምቷል።

«በምን ተጣላችሁ?» አሏት ሶኮሮ።

«ለፈተና አልደረስክም አልኩት። እሱ ደግሞ ‹አንድ ሰዓት ነው የቀረኝ፣ ነገ አብረሽኝ ብረሪ› አለኝ። ትኩሳት ይዞኝ ነበር፤ አልችልም አልኩ። ‹አንቺ ከሌለሽ ሌላ ዓይን እፈልጋለሁ› ብሎኝ ሄደ።»

«ብቻሽን ስትበሪ የባዶውን ወንበር ቀበቶ ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ቆልፌ አጠብቀዋለኋ! ከተንጠለጠለ መሪው ላይ ይጠመጠማል። እዚህ የመጀመሪያ ቀን የሚማሩት እሱን ነው። ሲድማ አንዴ ብረሳው ‹መምህር፣ ወንበሩ እንዲያመልጥሽ ነው እንዴ?› ብሎ ስቆብኛል።» ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረ።

ሦስተኛው ኔስቶር ቡናግ ነው። የሲድ የክፍል ጓደኛ፤ እናታችን «ሁለተኛው ልጄ» የምትለው አጭር ልጅ። የንግድ አብራሪነት ፈቃድ አለው፤ ማኒላ ያለ አንድ አየር መንገድ ለቃለ መጠይቅ ጠርቶታል። ሶኮሮ ውጭ አግዳሚ ላይ አስቀመጡትና ኦቾሎኒ ዘረጉለት።

«ማክሰኞ የት ነበርክ?»

«ቤት፣ እመቤቴ። እያጠናሁ።»

«ለምን አብረኸው አልበረርክም? ፈቃድ አለህ።»

«የጤና ምስክር ወረቀቴ በጃንዋሪ አለቀ። አዲሱ እስኪመጣ ካፕ መሬት ላይ አስቀምጠውኛል።» ወደ እኔ ዞረ፤ እንደ ሲድ «አቴ»፣ ታላቅ እህቴ፣ ነው የሚለኝ። «አቴ፣ በልተሻል? ፓንዴሳል ዳቦ ላምጣልሽ?»

አንድ ሰው በሜዳው ላይ ወደ እኛ እየመጣ ነበር። «ካፒቴኑ ናቸው እንዴ?» አሉ ሶኮሮ፣ ኦቾሎኒ እየፈለፈሉ።

ኔስቶር ቀና ብሎ አየና «አዎ፣ ካፕ ናቸው» አለ።

ቀይ ቆብ ያደረገው ሣር አጫጁ ነበር። እኔ እንባ ጋርዶት ነው አልኩ። 

ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንንም ሃንጋሩ ውስጥ ሰበሰቡን። ሪፖርቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ብዕርም አብሮት።

«ካፕ፣ ከመፈረምዎ በፊት» አሉ። «ዓይኑን ሸፍኖ ብቻውን የሚበር አለ?»

«እብድ ካልሆነ! ደንቡም አይፈቅድም። አጠገቡ የሚያይለት ባለ ፈቃድ ሰው መኖር አለበት።»

«ባዶ ወንበር ቀበቶው ይቆለፋል፤ ይህኛው ተፈትቷል። ምልክቱ ስድስት ደቂቃ ጮኾ ተዘግቷል፤ የሚዘጋው በእጅ ነው፣ የልጁ ሁለት እጆች ግን ተሰብረዋል። ስለዚህ ሰው ነበረ፤ ተረፈ፤ ሄደ። ወንበሩ እስከ ጫፍ ተስቧል። ካፕ እዚያ ቢቀመጡ ጉልበትዎ አገጭዎን ይመታል።»

ሊጋያ ብድግ አለች። «ታዲያ እኔ...»

«አንቺ ሙሉ ፈቃድ አለሽ። የትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ስምሽን ጽፈሽ በግልጽ ትገቢያለሽ። ሰውየው ግን ከመዝገቡ ተደብቆ፣ ሜዳው ጫፍ ላይ ነው የተሳፈረው፤ መብረር የተከለከለ ሰው ነው። ደግሞስ በጠራ ቀን ኮረብታን የሚያህል ነገር ያላየው ማነው? ሐምሳ ሜትር ላይ ካፒቴኑን ከሣር አጫጅ የማይለየው ነው።» ወደ ኔስቶር ዞሩ። «አዲሱ ምስክር ወረቀት እየመጣ አይደለም። ለመረመረህ ሐኪም ደውዬ ጠይቄያለሁ። በዓይንህ ምክንያት ወድቀሃል። ሸሚዝህን ክፈት ልጄ።»

ኔስቶር ኮሌታውን ጨብጦ ያዘ። ተነስቼ ሄድኩና የላይኛውን ቁልፍ እኔው ፈታሁት። በቀኝ ትከሻው ላይ የቀበቶው ሰንበር ሰያፍ ወርዷል፤ ጠርዙ ቢጫ መሆን ጀምሯል።

«ሲድ ያውቅ ነበር?» አልኩት።

«ወረቀቱ የዘገየ ብቻ ነው የመሰለው፣ አቴ። ስለ ዓይኔ አልነገርኩትም።» ሸሚዙን መልሶ ቆለፈ። «‹ኮረብታው የት ደረሰ?› አለኝ። ሩቅ ነው አልኩት። ሩቅ መስሎኝ ነበር።»

«ምልክቱንስ ለምን ዘጋኸው?»

«የሞተ መስሎኝ... መንገድ እስክደርስ ማንም እንዳይመጣ ብዬ ነው። ቢያገኙኝ ፈቃዴን ይነጥቁኛል ብዬ።»

«እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት በሕይወት ነበር» አሉ ሶኮሮ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ነው ያለው። ምልክቱ ቢጮህ ኖሮ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደርሱለት ነበር።»

ኔስቶር መሬት ላይ ተቀመጠ። ካፒቴኑ ሪፖርቱን አነሱና ለሁለት ቀደዱት።

በአዲሱ ሪፖርት ላይ «ብቻውን» እና «ሲጫወት» የሚሉት ቃላት የሉም፤ እናቴ ሦስት ጊዜ አስነብባ ሰምታዋለች። ኔስቶር ስምንት ዓመት ተፈረደበት። በጁን የሲድ የበረራ መዝገብ በፖስታ መጣልን። ያቺ የመጨረሻዋ በረራ፣ አጠገቡ የነበረው ሰው የጸና የጤና ወረቀት ስላልነበረው፣ አልተቆጠረችለትም። ድምሩ ሠላሳ ዘጠኝ ይላል።