ሁለት ተኩስ በጭጋግ ውስጥ

ብላዤይ በአደን ማማው መሰላል ሥር በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ጥይቱ የገባው ዳሌው ላይ ነው። ከጫካው ጠርዝ እስከ መሰላሉ ድረስ ቅጠሉ በደም ስለታሸ፣ ሰውዬው ከተመታ በኋላ ራሱን እየጎተተ እንደመጣ ለማወቅ መርማሪ መሆን አያስፈልግም ነበር። መርማሪዋ ዳግማር ግን መጣች። በዚያው በታትራ ተራሮች ግርጌ ያደገች፣ የአዳኝ ልጅ ናት።

የሟቹ አባት አባባ ቬንዴሊን በአደን ጎጆው ደጃፍ ጠበቋት። አስከሬኑን ከቀትር በኋላ ያገኙት እሳቸው ነበሩ። ልጃቸው ለምሳ ቢቀር ውሻቸውን ይዘው ሊፈልጉት ወጥተው ነው።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ» አሏት። «እኔ ጎጆ ውስጥ ሾርባ ስሠራ ነበር። ጫካ የነበሩት እንግዳችን ዶክተር አምብሮዝና ሌላው ልጄ ሉቦር ናቸው። ዶክተሩ ይሁን። እሱ ከሆነ አንድ ልጅ ይቀርልኛል።»

«አባባ፣ እኔ መርጬ አላመጣም።»

«እኔስ መቼ መረጥኩ?»

ዶክተር አምብሮዝ የከተማ ጥርስ ሐኪም ነው። መነጽሩ የጠርሙስ ቂጥ ያህላል። ከምድጃው አጠገብ ኩርምት ብሏል።

«ስንት ጊዜ ተኮሱ?»

«አንዴ! እናቴ ትሙት አንዴ! የመጀመሪያ አጋዘኔ ነው። ሉቦር ደስ ብሎት መጥቶ፣ አብረን ፎቶ ተነሳን። ይኸውልሽ።»

ዳግማር ስልኩን ተቀብላ ፎቶውን በጣቷ አሰፋችው። ደጋግማ አየችው።

ሉቦር ውጭ እንጨት ይፈልጣል። ማንም እንጨት ፍለጥ አላለውም።

«ሁለት ተኩስ ነው የተሰማው» አላት መጥረቢያውን ሳያስቀምጥ። «ሁለቱም ከዶክተሩ ማማ። መነጽሩን አላየሽውም? ላምና ጋሪ የማይለይ ሰው ጠመንጃ ይዞ ይመጣል!»

«አንተስ?»

«እኔ አንድ ጥይት አልተኮስኩም። ከወንድሜም ጎህ ሳይቀድ እንደተለያየን ነው።»

የሁለቱም ጠመንጃ አንድ ዓይነት ጥይት ይጎርሳል። ስለዚህ ጥይቱ የማን እንደሆነ አይለይም፤ የሁሉም ዓይን ግን ዶክተሩ ላይ ነበር፤ ምስኪኑ ራሱም ራሱን ሳይጠረጥር አልቀረም። ወዲያው አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ደወለ። ዳግማር አዳምጣ ስትጨርስ ፊቷ ጠቁሮ ነበር። ሁሉንም ጎጆው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ዶክተር፣ ባርኔጣዎ ላይ የጥድ ቀንበጥ ማን ሰካልዎት?»

«ሉቦር። አጋዘን የጣለ ሰው በቀኝ በኩል ይሰካል፣ ደንብ ነው አለኝ።»

«ልክ ነው። ሉቦር ግን ምንም አልጣለም። ታዲያ በፎቶው ላይ የሱ ባርኔጣ ለምን ቀንበጥ አለው?»

«ለዶክተሩ ደስታ ብዬ ሰካሁ። ምን ይጠበስ?» አለ ሉቦር።

«የሰካኸው በግራ ነው።»

አባባ ቬንዴሊን ቀና አሉ።

«ስልክ ነዋ! ስልክ ግራና ቀኝ ይገለብጣል!» አለ ሉቦር ቸኩሎ።

«ቢገለብጥ የዶክተሩንም ይገለብጥ ነበር። ጎን ለጎን ናችሁ፤ የሳቸው በቀኝ ነው።»

«በግራ ሲሆን ምንድነው?» አለ ዶክተሩ ግራ ገብቶት።

የመለሱለት አባባ ነበሩ። «ለቅሶ ነው። በግራ የምንሰካው አዳኝ ስንቀብር ነው።»

«ፎቶው የጠዋት ነው፤ አስከሬኑ የተገኘው ከቀትር በኋላ» አለች ዳግማር። «ሉቦር፣ ማንም ሞቱን ሳይሰማ አንተ ለማን አለቀስክ?»

ሉቦር ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ።

«ጠጥቼ ነበር። በጭጋጉ ውስጥ ቅጠል ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ አጋዘን መሰለኝ። ሄጄ ሳየው ወንድሜ ነው፤ አይነቃነቅም። ቀንበጡን መቼ እንደቆረጥኩ፣ መቼ እንደሰካሁ እንኳ አላውቅም፤ እጄ ነው ያደረገው። ከዚያ ዶክተሩ ሲተኩስ ሰማሁ። በሱ ይሳበባል አልኩ።»

ዳግማር የቀረውን ለመዋጥ ቃጣት። ግን ነገ በችሎት ከሚሰሙት ዛሬ ይሻላል አለች።

«ሐኪሙ እንዳለው ብላዤይ የሞተው ቀትር ገደማ ነው። አንተ ስታየው ራሱን ስቶ ነበር። ሲነቃ ነው ወደ መሰላሉ የተጎተተው።»

«ነፍሱ ነበረች?» አለ ሉቦር።

«ሉቦር ያኔውኑ ቢናገር ብላዤይ ይድን ነበር?» አሉ አባትየው።

«ይድን ነበር፣ አባባ።»

ከዳግማር ጋር የመጡት ፖሊሶች ሉቦርን ብድግ አደረጉት። በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ።

«አባዬ፣ እባክህ አንድ ነገር በለኝ!»

«ምን ልበልህ?» አሉ ሽማግሌው። «ለሟቹ እንዳላለቅስ ገዳዩ ልጄ፤ ለገዳዩ እንዳልማልድ ሟቹ ልጄ።»

ዳግማር «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ልትል አፏን ከፈተች። በየትኛው ልጃቸው እንደምታጽናናቸው ስላላወቀች፣ ሳትለው ወጣች።