የከብቶቹ ካሳ

ከብት አርቢው ከውሃ ታንከሩ መሰላል ሥር በጀርባው ተዘርግቶ ተገኘ። መርማሪዋ ስትደርስ ታናሽ ወንድሙ ደረቱን እየደቃ «ውሃው ስንት ቀረ ብሎ ሲወጣ ወድቆብኝ!» እያለ ያለቅሳል። ከተማ ሰንብቶ ገና ዛሬ ረፋድ ላይ መመለሱ ነው።

መርማሪዋ አፏ ቁጥብ፣ ዓይኗ ግን የማይጠግብ ሴት ናት። ጎንበስ ብላ የሟቹን ሰፊ የላስቲክ ቦት አወለቀች። ግራ እግሩ በፋሻ ተጠቅልሎ እንደ ዱባ አብጧል። ጫማውን መልሳ አጠለቀችለት።

የሟቹን ሚስት ማዕድ ቤት አገኘቻት።

«እግራቸውን ምን ነክቷቸው ነው?»

«ትናንት ጊደር ረግጣው። ከብቶቹን ሊያይ የመጣው የእንስሳት ሐኪም ነው ያሰረለት። ማታም በጨው ውሃ ዘፈዘፍኩለት።»

«በዚያ እግር መሰላል ይወጣሉ?»

ሴትዮዋ ድንገት ቀና አለች። ድንጋጤው እስካሁን ይህን እንኳ እንድታስብ ጊዜ አልሰጣትም። «ከአልጋው ራሱ ተደግፎ ነው የወረደው!»

«ለማንም አይናገሩ። ያስጨነቃቸው ነገር ነበር?»

«ባለፈው ሳምንት ከገበያ ሲመለስ ‹ቦራን አየኋት› አለኝ። ቦራ ከሌሎቹ ላሞች ጋር በድርቁ ሞተች ተብላ መንግሥት ካሳ የከፈለን ላማችን ናት። በሕይወት አለች፤ በሰው እጅ!»

መርማሪዋ የእንስሳት ሐኪሙን ይዛ የሞቱት ከብቶች ወደተጣሉበት ሜዳ ወረደች።

«በድርቁ መሞታቸውን የመሰከሩት እርስዎ ነዎት?»

«ጆሯቸው ላይ የተሰካውን ቁጥር አይቼ» አለ ሐኪሙ ላቡን እየጠረገ። «ስንቱ ጋ ልድረስ? አገሩ ሁሉ ሬሳ ነበር።»

አንዱን የደረቀ ጆሮ ገለበጠችለት። «በቁሙ የተበሳ ጆሮ የቀዳዳው ጠርዝ ይድናል። ይኼኛው የተበሳው ከሞተ በኋላ ነው።»

የሐኪሙ ፊት አመድ መሰለ። «የሌላ ሰው ከብት ነዋ!»

ሲመለሱ ጋጣውን አየችና ሚስቱን፣ ወንድሙንና ሐኪሙን ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ሟቹ መሰላል አልወጡም፤ መውጣትም አይችሉም ነበር» አለች። «ወደቁ የሚለውን ታሪክ የፈጠረው ሰው ስለ እግራቸው አያውቅም። እርስዎ ሚስታቸው ዘፍዝፈውታል። ሐኪሙ አስረውታል። ያላወቀው ዛሬ የመጣው ሰው ብቻ ነው።»

ወንድምየው ከመቀመጫው ተነሳ።

«ላሞቹን ሸጠህ ብሩን ኪስህ ከተትክ። መጉደላቸው እንዳይታወቅ ቁጥራቸውን በሬሳ ጆሮ ላይ ሰክተህ ካሳ አስጠየቅክ። ዛሬ ወንድምህን ጋጣ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘሃቸው። ተቀምጠው ስለነበር ማነከሳቸውን አላየህም። ቦራን ማየታቸውን ሲነግሩህ ከኋላ መታሃቸው፤ ከዚያ ተሸክመህ ታንከሩ ሥር ጣልካቸው። በርጩማው አጠገብ ደሙን አፈር አልብሰኸዋል፤ አፈሩ ግን ገና እርጥብ ነው።»

«ሊያሳስረኝ ነበር!» ብሎ ጮኸ። «አሳልፎ ሊሰጠኝ ነበር!»

«አልነበረም» አለች የሟቹ ሚስት። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «‹ካሳውን እኔ እመልሳለሁ፤ ልጄ ብቻ ይምጣና እውነቱን ይንገረኝ› ነው ያለው። ወንድሜ እንኳ አላለህም። እናታችሁ ስትሞት አዝሎ ያሳደገህ እሱ አይደል?»

«እትዬ...» ብሎ እጁን ዘረጋላት።

እሷ ፊቷን ወደ መርማሪዋ አዞረች።

«ይውሰዱልኝ» አለች። «ባሌን ስቀብር እዚህ እንዳላየው።»