የዓርብ ቃለ መጠይቅ

ቦጋለን መጀመሪያ ያየሁት ዓርብ ጠዋት፣ የጸሎት ኅብረታችን የሚሰበሰብበት ሕንፃ ደረጃ ላይ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ በማላውቀው ቋንቋ እየደጋገመ ያነበንባል። በልሳን የሚጸልይ መሰለኝ። የሚጸልይ ሰው ፊት አቋርጦ ማለፍ ደግሞ ነውር ነው። ቆሜ ጠበቅኩት። ሲጨርስ ጮክ ብዬ «አሜን!» አልኩ።

ዓይኑን ገልጦ ከጆሮው ማዳመጫ አወጣ።

«ምኑን ነው አሜን ያልሽው፣ እህቴ?»

«ጸሎትህን ነዋ!»

«ኧረ ጸሎት አይደለም። አንዲት ተዋናይት ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ውሻዋ የተናገረችውን እያጠናሁ ነው።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሱ ግን አልሳቀብኝም። ሳቁን ለመያዝ ከንፈሩን ሲነክስ አየሁት። ምን እዋሻለሁ፣ ያኔውኑ ወደድኩት።

ቦጋለ እዚህ ዓረብ አገር፣ ሱራ በሚባል ሰፈር የአንድ ቤተሰብ ሾፌር ነው። ማዳሙ ገበያ ውላ እስክትወጣ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት እስኪለቀቁ፣ መኪና ውስጥ ይጠብቃል። ሌላው ሾፌር ወንበሩን አጋድሞ ያንኮራፋል። እሱ የታዋቂ ሰዎችን አጫጭር ቃለ መጠይቆች እያየ እንግሊዝኛ ይማራል።

«ለምን በመጽሐፍ አትማርም?» አልኩት።

«መጽሐፉ ‹ይህ ጠረጴዛ ነው› ይላል። ጠረጴዛ መሆኑንማ አያለሁ! እነዚህ ስለ ቁርሳቸው፣ ስለ እናታቸው፣ እንቅልፍ ስላጡበት ሌሊት ነው የሚያወሩት። የኑሮ ቋንቋ ነው።»

እኔ ባያን በሚባል ሌላ ሰፈር የቤት ሠራተኛ ነኝ። የማዳሜ ልጆች እርስ በርስ የሚያወሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ የእኔ የወጥ ቤት ዓረብኛ እዚያ አይደርስም። በሳቁ ቁጥር እኔን የሚያሙ እየመሰለኝ አርራለሁ።

«እኔንም አስተምረኛ!» አልኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኩለ ቀን ላይ አንድ ቪዲዮ ይልክልኛል፤ ከሥሩ አምስት ቃል በፊደላችን ተጽፎ። ልብስ እየተኮስኩ እሰማለሁ፤ የያዝኩትን በድምፅ መልሼ እልካለሁ። በጣም የሚገቡኝ ኳስ ተጫዋቾቹ ናቸው። እነሱም እንደኛ ቋንቋውን ከሰው አገር የለቀሙ ስለሆኑ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት።

ዓርብ ዓርብ ከጸሎት በኋላ ፌርማታ እስክንደርስ አንዳችን ጋዜጠኛ፣ አንዳችን ዝነኛ እንሆናለን። ባዶ የውሃ ጠርሙስ አፌ ሥር ይደቅንና በእንግሊዝኛ «ሚስ ሐዊ፣ የስኬትሽ ምስጢር ምንድን ነው?» ይለኛል።

«በረኪና» እለዋለሁ።

ዓመት ሙሉ ያልጠየቀኝ ነገር የለም። ስለ እኛ ግን ትንፍሽ አላለም። እኔም ትንፍሽ አላልኩም።

አንድ ሰኞ ማዳም ጠራችኝ። ባለቤቷ ለሁለት ዓመት ለሥራ ለንደን ሊሄድ ነው፤ ቤተሰቡም አብሮ ይሄዳል። ልጆቹን ትምህርት ቤት የምታመላልስ፣ ሱቅ ገብታ የምትግባባ ሠራተኛ ያስፈልጋታል። እንግሊዝኛ መቻሌን ልጇ ዳና እንድትፈትነኝ ሳሎን አስገባችኝ።

«ሐዊ፣ ስለ ራስሽ ንገሪን» አለች ዳና።

እኔ ጥያቄ ሲመለስ ያየሁት በዝነኞቹ ነው፤ ሌላ ከየት ላምጣ? ሶፋው ላይ ደገፍ አልኩ። እግሬን አጣመርኩ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «ዋው! እንዴት ያለ ግሩም ጥያቄ ነው! በቅድሚያ ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ» አልኩ፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ። አራት ዓመት አቧራውን ሳራግፍ ኖሬ እዚያ ሶፋ ላይ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ዳና በሳቅ ተንከተከተች። ማዳም የሳቅ እንባዋን እየጠረገች «ኸላስ፣ በቃ! ትሄጃለሽ። እሑድ ቢሮ ሲከፈት የቪዛ ወረቀትሽ ይገባል» አለችኝ።

ለቦጋለ ደወልኩለት። መቼ እንደምሄድ ጠየቀኝ። ከዚያ «እንኳን ደስ አለሽ!» አለ።

በማግስቱ በአንድ ቪዲዮ ፈንታ ስድስት ላከ። «የለንደን አነጋገር ይለያል፤ ጆሮሽን አለማምጂ» ይላል። እንዴት ተቃጠልኩ! እኔ «ቅሪ» ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣ እሱ ስንቅ ይቋጥርልኛል!

ዓርብ ፌርማታው ጋ ስንደርስ ጠርሙሱን እኔ ያዝኩ። በአማርኛ እንዲህ ያለ ነገር ወንድ መጠየቅ? ምላሴ ይተሳሰራል፤ ያሳደገችኝ እናቴ የምትሰማኝ ይመስለኛል። በእንግሊዝኛ ግን የምትጠይቀው ጋዜጠኛዋ ናት።

«ሚስተር ቦጋለ፣ በሕይወትህ ውስጥ የተለየች ሰው አለች?»

«አለች» አለ፣ በእንግሊዝኛ።

«ለምን አልነገርካትም?»

«ቀጣይ ጥያቄ» አለ። ዝነኞቹ ሲጨንቃቸው እንደሚሉት።

«ሌላ ጥያቄ የለኝም። እሑድ ወረቀቴ ይገባል።»

አውቶቡሱ መጣ። አልተሳፈርንም። ሄደ። ቦጋለ ጫማውን እያየ በአማርኛ ጀመረ።

«ሐዊዬ፣ ለንደን ሄዳ ያልፍላት የነበረችን ልጅ አንድ ሾፌር አስቀራት እንዲባል አልፈልግም። ነገ በእኔ ብትጸጸቺስ?»

«እሱን ለእኔ ተወው!»

«እንግዲያው...» ቀና ብሎ አየኝ። «አትሂጂብኝ።»

«ወይ አንተ ሰው! ይቺን ለማለት ዓመት ሙሉ?» አልኩት፤ እያለቀስኩ ነበር።

በማግስቱ ማዳም ፊት ቆሜ፣ በዚያው እንግሊዝኛ፣ «አልሄድም። የምወደው ሰው እዚህ ነው» አልኩ።

«መጅኑና!» አለች። «አብደሻል! ለሾፌር?» ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሦስተኛው ቀን፣ ፊቷን ሳትፈታ፣ መኖሪያ ወረቀቴን ሱራ ወዳለችው እህቷ እንደምታዛውርልኝ ነገረችኝ። ጉንጯን ሳምኳት።

ሰርጋችን ከፋሲካ በኋላ ነው። ዳና አንዳንዴ ከለንደን ፎቶ ትልክልኛለች፤ በረዶ፣ ቀይ አውቶቡስ፣ ትልልቅ ዛፎች። ቦጋለ ያየውና ቀስ ብሎ «ተጸጸትሽ?» ይለኛል። እቀናለሁ፣ ምን እደብቃለሁ።

ግን በየቀኑ ከቀትር በኋላ የአሠሪዎቹን ልጆች ከትምህርት ቤት ይዞ በአዲሷ ማዳሜ ደጅ ያልፋል። ጥሩንባ አይነፋም፤ ነውር ነው። እኔ መስኮቱ ጋ ስቆም ፍጥነቱን ይቀንሳል።