አባቷ የቆመበት ድንጋይ

አባቷ የቆመው የትኛው ድንጋይ ላይ ነው?

ፍላሽ ጥያቄውን ይዛ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆማለች። በአንድ እጇ ስልኳን፣ በሌላው የካሜራዋን ማንገቻ ጨብጣለች። ስልኩ ላይ የተከፈተው የአባቷ ፎቶ ነው። በሁለት ቀያይ ግድግዳዎች መካከል እየተጠማዘዘ የሚሄድ ወንዝ፤ በግራ በኩል ወደ ገደሉ ያዘመመ ዛፍ፤ በቀኝ በኩል ፀሐይ ያረፈበት ግድግዳ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ከላይ እስከ ታች የወረደ ጥቁር ስንጥቅ። ከፊቷም ወንዝ አለ፣ ግድግዳ አለ፣ ዛፍም ሞልቷል። አንዱ ከሌላው ጋር ግን አልገጥም ብሏል።

«እዚህም አይደለም» አለች።

«ነገርኩሽ እኮ፣ ትንሽ ወደፊት ነው» አለ የአክስቷ ልጅ።

ከአውቶቡስ ከወረዱ ጀምሮ ይህችኑ ሲደጋግም ነው ያረፈደው። በስሙ የሚጠራው አስተማሪ ብቻ ነው፤ ለሰፈሩ ሁሉ «ጂፒኤስ» ነው። ቅጽል ስሙ የወጣለት መንገድ ስለሚያውቅ አይደለም፤ ሳያውቅ ስለሚመራ ነው። አንዴ የክፍል ጓደኞቹን ስታዲየም አደርሳችኋለሁ ብሎ የመቃብር ቦታ በር ላይ አድርሷቸዋል።

«አንተ ልጅ፣ በዚህ ‘ትንሽ ወደፊትህ’ ወንዙ ውስጥ ሳትከተን አትቀርም» አለች አክስቷ ከኋላ እያለከለከች። ነርስ ናት፤ ለጉዞው የመረጠችውም ነጩን የሥራ ጫማዋን ነው። «ዕረፍቴን ለድንጋይ ሰዋሁት! ሰው ዕረፍቱን ይተኛበታል፣ እኔ ገደል ለገደል እዞርበታለሁ።»

እንዲህ ብትልም መንገዱን ያገኘችላቸው እሷ ናት። ወንድሟ፣ የፍላሽ አባት፣ ፎቶውን ያነሳ ጊዜ የት መንደር ላይ ከአውቶቡስ እንደወረደ የምታስታውስ እሷ ብቻ ነበረች።

የፍላሽ አባት ፎቶ ቤት ነበረው። የገደሉን ፎቶ ያነሳው ፍላሽ ሳትወለድ ሲሆን፣ በኋላ አሳድጎ የፎቶ ቤቱን አንድ ግድግዳ ሙሉ አለበሰበት። ሙሽሮች፣ ተመራቂዎች፣ ጥርስ ያላበቀሉ ሕፃናት ሁሉ እሱን ከኋላቸው አድርገው ተነስተዋል። «የከተማው ግማሽ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ተነሳ፤ አንድም ሰው አልወደቀም» እያለ ይቀልድ ነበር። ፍላሽም ቅጽል ስሟን ያገኘችው እዚያው ነው፤ ሌሎች ሕፃናት የካሜራው መብራት ቦግ ሲል ሲያለቅሱ እሷ ዓይኗን አፍጥጣ ትጠብቀው ነበር አሉ።

ኋላ ሰው ሁሉ ስልክ ያዘ፤ ስልኩ ሁሉ ካሜራ ሆነ። ፎቶ ቤቱ ተዘጋ። ዛሬ እዚያ ቤት የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። አባቷ ሥራ ፍለጋ ሩቅ ከተማ ሄደ። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደውል ነበር፤ ቀጥሎ በየወሩ ሆነ፤ ቀጥሎ መልእክት ብቻ፤ አሁን ደግሞ የአውራ ጣት ምልክት። የፈተና ውጤቷን ስትልክለት አውራ ጣት። እናቷ የሥራ እድገት እንዳገኘች ስትነግረው አውራ ጣት። «አሞህ ነበር እንዴ?» ብላ ስትጠይቀው እንኳ አውራ ጣት።

ትንሽ ልጅ ሳለች «የቆምከው የት ነው?» ብላ ፎቶውን እያሳየች በጠየቀችው ቁጥር «አንድ ቀን እወስድሻለሁ» ይላት ነበር። እሱ ካልወሰዳት ራሷ ትሄዳለች። ከቆመበት ቆማ፣ ያንኑ ፎቶ አንስታ ትልክለታለች። ለዚህስ በአውራ ጣት አይመልስም። ሲያየው ይደውላል፣ ድምፁን ትሰማለች። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ፀሐይዋ አናታቸው ላይ ስትደርስ አክስቷ ሰፊ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

«ከዚህ ወዲያ አንድ እርምጃ የለም። ጉልበቴ ከድቶኛል። ዳቦው የት አለ?»

ጠዋት ያለፉት ድንጋይ ነው። ያኔ ፍላሽ ከስልኳ ጋር አስተያይታው፣ ዛፉ በስተቀኝ ስለሆነ ትታው ሄዳለች። አሁን ደክሟት ጀርባዋን ለገደሉ ሰጥታ ተቀመጠች፤ ሦስቱም ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል መብላት ያዙ። ጂፒኤስ እንቁላሉን በአንድ ጊዜ አፉ ውስጥ ወርውሮ፣ ጉንጩ እንዳበጠ ስልኩን ዘረጋና ራሱን ለማንሳት ተዘጋጀ።

«ወይ ጉድ፣ ስታምር» አለችው እናቱ።

ፍላሽ ልትስቅ ወደ ስልኩ ቀና አለች። ሳቋ ግን አፏ ውስጥ ቀረ። ከጂፒኤስ ያበጠ ጉንጭ ጀርባ፣ በስልኩ መስታወት ውስጥ፣ የአባቷ ገደል ነበር።

«እንዳትነቃነቅ!»

«ምንድነው? እባብ ነው?» አለ አፉ እንደሞላ።

«ጭንቅላትህን ብቻ ዞር አድርግ። ስልኩን አይደለም፣ ጭንቅላትህን!»

«ጭንቅላቴ ምን ሆነ?»

«ሸፈንከው።»

ዞር አለላት። ያዘመመው ዛፍ በግራ፣ ስንጥቁ በቀኝ። ወንዙ የሚታጠፈውም ልክ ፎቶው ላይ እንዳለው ነው። ፍላሽ ቀስ ብላ ፊቷን ወደ እውነተኛው ገደል መለሰች። ዛፉ በቀኝ ነው። ስንጥቁ በግራ። እንደገና ወደ ስልኩ፣ እንደገና ወደ ገደሉ። ሰው ራሱን በሚያነሳበት ጊዜ ስልክ እንደ መስታወት ግራውን ቀኝ አድርጎ ያሳያል። የአባቷን ፎቶስ ማን ገለበጠው?

ወዲያው የፎቶ ቤቱ ጨለማ ክፍል ታወሳት። ቀይ መብራት፣ የሚኮመጥጥ ሽታ፣ እሷ ባዶ ሣጥን ላይ ቆማ፣ እሱ ፊልሙን በሁለት ጣቱ ይዞ። «ፊልም ሁለት ፊት አለው። አብረቅራቂው ወደ ላይ፣ ደብዛዛው ወደ ወረቀቱ። ከገለበጥሽው ዓለሙ አብሮ ይገለበጣል። ጽሑፍ ከሌለበት ደግሞ ማንም አያውቅብሽም።»

«አባዬ ፊልሙን ገልብጦ ነው ያጠበው» አለች። የራሷ ድምፅ የሌላ ሰው መሰላት።

«ማን? ወንድሜ?» አክስቷ ዳቦውን አስቀመጠች። «ወንድሜ በሥራው አይሳሳትም!»

ፍላሽ ስልኳን ሰጠቻት። አክስቷ ፎቶውን አየች፣ ገደሉን አየች፣ ቀኝና ግራ እጇን እያፈራረቀች አነሳች፣ በመጨረሻ በሳቅ ፈነዳች።

«እኔ ታዲያ የሠርጌን ፎቶ የተነሳሁት በተገለበጠ ገደል ፊት ነው?»

«ለዚህ ነዋ አንቺና አባዬ በአንድ መንገድ ሄዳችሁ የማታውቁት» አለ ጂፒኤስ።

«አፍህን ዝጋ፣ እንቁላሉ ይወድቅብሃል።»

ስንጥቁ ያለበት ግድግዳ ገና ጥላ ውስጥ ነበር። ፎቶው ላይ ፀሐይ አርፎበታል። ፍላሽ ብርሃኑ በጠዋት ይገኛል ብላ ሁሉንም ከእንቅልፍ ቀስቅሳ ነበር ያመጣቻቸው፤ ግራው ቀኝ ከሆነ ግን ጠዋቱም ከሰዓት ነበር ማለት ነው። መጠበቅ ነበረባቸው። ጥላው በግድግዳው ላይ ወደ ታች መሸሽ ሲጀምር ዳቦውም እንቁላሉም አልቆ ነበር።

«ልትልኪለት ነው?» አለች አክስቷ።

«አዎ።»

«እንዲሁ? ተገልብጦብህ ነበር ብለሽ?»

«ባክሽ አትጨናነቂ» አለ ጂፒኤስ። «ስልክሽ ላይ አንዴ መንካት ነው፣ ይገለበጥልሻል። ልክ እንደሱ ይሆናል። ያያል፣ ይደሰታል፣ ይደውላል። አለቀ።»

ፍላሽ ወደ አክስቷ ዞረች። ትቆጣዋለች ብላ ነበር የጠበቀችው። አክስቷ ግን የጫማዋን አቧራ በመሐረብ እየጠረገች ነበር።

«የኔ እናት፣ አባትሽን እኔ ነኝ ያሳደግኩት ማለት እችላለሁ። ልጅ ሆኖ አስተማሪው ‘የሣልከው በሬ ቀንዱ ትንሽ ጠመም ብሏል’ ቢለው፣ ዳግመኛ እርሳስ ለሥዕል አልጨበጠም። እናትሽም ‘ይሄ ስልክ ሥራህን ሊበላው ነው’ ያለችው እውነቷን ነበር፤ እሱ ግን ስንት ጊዜ አኮረፋት። ሲነኩት ቀንድ አውጣ ነው፣ ቤቱ ይገባል። መጥፎ ሰው ሆኖ አይደለም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። በፎቶው አስደስቺው፣ ይበቃል።»

አክስቷ የምትለው ሁሉ እውነት ነበር።

ብርሃኑ ስንጥቁ ላይ ሲደርስ ካሜራዋን ይዛ ተነሳች። ድንጋዩ ጫፍ ላይ ቆማ በካሜራው አየች፤ የዛፉ ጫፍ ከማዶው ግድግዳ በታች ቀረ። ፎቶው ላይ ግን ዛፉ ሰማዩን ነክቶታል። ተንበረከከች። አሁንም ቀረ። አክስቷ «ኧረ ቀስ!» ብላ ቀሚሷን ጨምድዳ ስትይዛት በሆዷ ተኛች፤ አገጯን ድንጋዩ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ካሜራው ላይ አደረገች። ያኔ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ።

አባቷ አልቆመም ነበር። ተኝቶ ነበር። ያ ሸሚዙ ሳይተኮስ ከቤት የማይወጣ ሰው፣ እንዲህ በደረቱ አቧራ ላይ ተዘርግቶ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ብርሃኑ እስኪደርስለት ጠብቋል። ድንጋዩ ሞቃት ነበር። ሙቀቱ በልብሷ አልፎ ደረቷ ላይ ሲሰማት ፍላሽ አነሳች። አንዴ፣ ደግሞ አንዴ።

በመልሱ ጉዞ ጂፒኤስ አውቶቡሱ ገና ሳይነሳ አንቀላፋ፤ አክስቷ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሽ ጀመር። ፍላሽ ፎቶውን ከካሜራው ወደ ስልኳ አዛወረችና፣ እስቲ ልየው ብላ ገለበጠችው። የአባቷን ከጎኑ አደረገች። ፍጹም አንድ ነበሩ። ማንም ሰው የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አይችልም።

ቆይታ ስታየው ሌላ ነገርም ታያት። በተገለበጠው ላይ ወንዙ ከግራ ተነስቶ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ዓይን ጽሑፍ እንደሚያነብ ሆኖ ይከተለዋል። ባልተገለበጠው ላይ ወንዙ ፊት ለፊት ይመጣብሃል፣ ትንሽ ይከብዳል። የአባቷ በእርግጥ የተሻለ ነበር። ታዲያ ተሳስቶ ነው? ወይስ ማንም እንደማያውቅበት አውቆ፣ ለውበቱ ሲል ነው ያደረገው? ብትጠይቀው ከሁለቱ አንዱን ይነግራት ይሆናል። የተገለበጠውን ብትልክለት ግን ምንም የምትጠይቀው አይኖራትም። እሱ ይደሰታል፤ እሷም በደወለ ቁጥር የሆነ ነገር እየደበቀች ታወራዋለች።

ጣቷ ለረጅም ጊዜ ስልኩ ላይ ቆመ። ከዚያ የተገለበጠውን አጠፋችው፤ ያልተገለበጠውን ላከች። ከሥሩ እንዲህ ጻፈች፦

«አባዬ፣ ድንጋዩን አገኘሁት። ለካ ቆመህ አልነበረም፣ እኔም እንዳንተ ተኝቼ ነው ያነሳሁት። ወንዙ ግን በዚያኛው በኩል ነው የሚታጠፈው። ተሳስተህ ነው ወይስ እንደዚያ ስለሚያምር? የትኛውም ቢሆን ግድ የለኝም። ካንተ ልስማው ብዬ ነው።»

አክስቷ በትከሻዋ ላይ አሻግራ አነበበችው።

«ላክሽው?»

«ላኩት።»

«ገና አላየውም እኮ። ማጥፋት ይቻላል አይደል?»

«ይቻላል» አለች ፍላሽ።

አክስቷ ጠበቀች። ፍላሽ ስልኩን አልነካችም። አውቶቡሱ መብራቱን አብርቶ ዳገቱን ሲጀምር አክስቷ ነጠላ ጫማ እንደሚፈልግ ሰው በእግሯ ወለሉን እየዳሰሰች ጫማዋን አገኘችና፣ የልጅቷን እጅ ወስዳ ጭኗ ላይ አኖረችው።

ወደ ከተማው ሲገቡ መልእክቱ ተነቦ ነበር። «እየጻፈ ነው» የሚል ምልክት ብቅ አለ። ጠፋ። እንደገና ብቅ አለ፣ ብዙ ቆየ፣ ጠፋ።

መልስ አልመጣም። በዚያ ሳምንት አልመጣም፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ እስኪከፈትም አልመጣም። ፍላሽ አንዳንድ ቀን መልእክቱን ከፍታ ታነበዋለች። አንድም ቃል አልቀየረችበትም።