ሳይደክምሽ እረፊ

ፀጉር ቤት ውስጥ «ቀልጣፋዋ» ነበር የሚሏት። ደንበኛ ወንበሩ ላይ ሳትደላደል ፎጣው ትከሻዋ ላይ ነው። አንዷን እያጠበች ከሌላዋ ጋር ትቀልዳለች፤ በዚያው በፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የተቀመጠችዋን ትከታተላለች። ቀኑን ሙሉ ቆማ፣ እጆቿ ከትከሻዋ በላይ እንደተሰቀሉ ውላ፣ ማታ ወደ ቤቷ ስትገባ እየዘፈነች ነበር የምትገባው።

ሃያ ስምንት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ሲቀራት ጉንፋን የመሰለ ቫይረስ ያዛት። ትኩሳቱ በሳምንቱ ለቀቃት። ድካሙ ግን አልለቀቃትም። አንድ ወር፣ ሦስት ወር፣ ዓመት ሆነው። ፀጉሯን ልታበጥር እጇን ስታነሳ ክንዷ የሌላ ሰው ክንድ ሆኖ ይከብዳታል። አንድ ቀን ደህና ሆና ቤት ብትወለውል ቀጥሎ ያሉትን ሦስት ቀናት ከአልጋ አትወርድም። ተኝታ ብትነሳም ድካሙ እዚያው ነው። ምርመራው ሁሉ «ምንም የለብሽም» ይላል። ዘመድ ደግሞ የራሱን ምርመራ አደረገ፤ ስንፍና ነው አለ።

እናቷ እንኳ፣ «እስቲ ነቃ በይ፣ ልጄ። መተኛቱ ነው የሚያደክምሽ» ይሏት ነበር።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ሐኪም ወደ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ላካት። ሴትዮዋ መድኃኒት አታዝም፣ መርፌ አትወጋም። ሥራዋ የታመመ ሰው በቀረው ጉልበት እንዴት ኑሮውን እንደሚኖር ከበሽተኛው ጋር ሆኖ መፈለግ ነው። የት እንደሚያማት አልጠየቀቻትም። ይልቅ ከአልጋ ከወረደችበት ደቂቃ ጀምሮ የምታደርገውን ሁሉ አንድ በአንድ አስቆጠረቻት። ጥርስ መፋቅ፣ ልብስ መልበስ፣ ስልክ ማውራት። ቀልጣፋዋ እየተናገረች ሳለ እንባዋ መጣ። በሁለት ዓመት ውስጥ «እውነት ነው?» ሳይላት ያዳመጣት የመጀመሪያው ሰው ይህች ሴት ነበረች።

«ደክሞሽ አትረፊ፤ ሳይደክምሽ እረፊ» አለቻት። «አምስት ደቂቃ መቆም ከቻልሽ በሦስተኛው ደቂቃ ተቀመጪ። ደህና የሆንሽ ቀን ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቂ። የሚጥልሽ እሱ ቀን ነው።»

አብረዋት የመጡት እናቷ ከጥግ ሆነው ጣልቃ ገቡ። «ዶክተር፣ መቼ ነው የምትድንልኝ?»

«ዶክተር አይደለሁም፣ እማማ። መቼ እንደሚሻላትም አላውቅም፤ አውቃለሁ ብል እዋሻለሁ። ዛሬን እንዴት እንደምትውለው ግን አብረን እናውቃለን።»

ማዕድ ቤት ከፍ ያለ በርጩማ ገባ። መታጠቢያው ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ተቀመጠ። የሠራችውንና ያረፈችውን የምትጽፍበት አንድ ደብተርም ተገዛ። ቀስ በቀስ፣ ሙሉ ለሙሉ ወድቃ የምትተኛባቸው ቀናት ቀነሱ።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከቴራፒስቷ ዘንድ ስትመለስ ሊፍቱ ቆሟል። ቤታቸው አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እንደተማረችው በየፎቁ እየተቀመጠች መውጣት ጀመረች። ሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና እንደተቀመጠች አንድ ሰው የመፍቻ ሳጥን ይዞ ከላይ ወረደ።

«ቁልፍ ጠፍቶሽ ነው?»

«አይደለም።»

«ሰው እየጠበቅሽ?»

«ጉልበቴን እየጠበቅኩ ነው።»

«የት ሄዶ ነው?»

«ኋላ ቀርቷል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ይመስለኛል።»

ሳቀ። ወዲያው ደግሞ የፊቷን መገርጣት አየና ሳቁን ተወው። ሳጥኑን አስቀምጦ ከእሷ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። ብዙ ሰው ዝምታ ሲያገኝ ቶሎ ቶሎ ወሬ ይሞላበታል፤ እሱ ዝም ብሎ ተወው።

ቆይቶ፣ «ሊፍቱን የምጠግነው እኔ ነኝ» አላት። «ስለዚህ ግማሹ ጥፋት የኔ ነው።»

«ግማሹስ?»

«የሞተሩ።»

ዓይኗን ሳትገልጥ ፈገግ አለች። «አሥር ደቂቃ ስጪኝ» ብሎ ሄደ። የመጣው ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው፤ የሊፍቱን በር ከፍቶላት፣ እጁ በግራሶ ጠቁሮ።

«ዘገየሁ።»

«የቸኮልኩ መሰለህ?» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ያ ሊፍት ማክሰኞ ማክሰኞ ቁጥጥር ያስፈልገው ጀመር። እናትም «ምነው ይሄ ሊፍት እንዲህ በሽተኛ ሆነ?» እያሉ በመስኮት ይመለከቱ ነበር። ጠጋኙ ሥራውን ሲጨርስ ሕንፃው ሥር ካለችው ትንሽ ካፌ ሻይ ይጋብዛታል። ስለ ሥራው ያወራላታል፤ ሊፍት ውስጥ ተይዞ ስለ ቀረ አንድ ሙሽራ፣ ከፍታ ስለሚፈራ አንድ የሥራ ባልደረባው። እሷም ስለ ደንበኞቿ ትነግረዋለች። አንዳንዴ ወሬው ያልቅና ይተያያሉ፤ ቀድሞ ዓይኑን የሚሰብረው ሁልጊዜ እሱ ነው።

ምን እንደሆነች ሲጠይቃት ግን «ትንሽ ደም ማነስ ነው» አለችው። «ድካም» የሚለውን ቃል ስትናገር ሰው ፊት ላይ የሚመጣውን ነገር ታውቀዋለች። በእሱ ፊት ላይ ልታየው አልፈለገችም።

ስለዚህ ሰኞን ሙሉ ተኝታ ትውላለች። ማክሰኞ አርባ አምስት ደቂቃ ትስቃለች። ረቡዕና ሐሙስን ደግሞ ትከፍልበታለች። እሱ የሚያውቀው ያቺን አርባ አምስት ደቂቃ ብቻ ነበር።

በአራተኛው ወር፣ «ታላቅ እህቴ ልታይሽ ትፈልጋለች» አላት። «እናትም አባትም ሆና ያሳደገችኝ እሷ ናት።»

እሁድ እኩለ ቀን ላይ ሄዱ። እህትዬው ፈጣን፣ ድምፀ ጎርናና፣ እጇ ሥራ የማይፈታ ሴት ናት። ምሳ ተበላ። ቀልጣፋዋ መቀመጥ ነበረባት፤ ሰሃን ልታጥብ ተነሳች። ፀጉር ሠሪ መሆኗን የሰሙት የቤቱ ሦስት ትንንሽ ሴት ልጆች ከበቧት፤ የሦስቱንም ፀጉር ሠራች። በሁለተኛዋ ላይ ጣቶቿ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። በሦስተኛዋ ላይ የምትሠራው ፀጉር ድርብ ሆኖ ታያት።

«እንዲህ ያለችውን ነው የምፈልግልህ» ስትል ሰማቻት እህትዬውን። «ያቺን ጎረቤታችንን አየሃት አይደል? አመመኝ፣ አመመኝ እያለች ባሏን ጎትታ ጨረሰችው።»

ቀልጣፋዋ ይህን ሰምታ የሻይ ብርጭቆዎቹንም አጠበች።

ሰኞ ጠዋት ጎኗን መገልበጥ አቃታት። መጋረጃው ተዘጋ። የስልኳ ብርሃን ዓይኗን እንደ መርፌ ወጋት። ማክሰኞ ደጁ ሲንኳኳ የእናቷን እጅ ያዘች።

«ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች በይው።»

«ኧረ ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ውሸት አታስወሪኝ።»

«እማዬ፣ በሞቴ። እንዲህ ሆኜ አያየኝ።»

እናት ዋሹ። በመጀመሪያው ማክሰኞ አክስቷ ጋ ናት አሉ። በሁለተኛው አጎቷ ጋ ናት አሉ። በሦስተኛው ተምታታባቸውና ተመልሰው አክስቷ አሉ። ጠጋኙ ሞኝ አልነበረም።

«ስልኳንም አክስቷ ቀሟት?» አለና ደረጃውን ወረደ። ነገሩ ሲከነክነው ሰነበተ። እህቴን ጠልታት ይሆናል፣ ወይ የኔን ሥራ ንቃው ይሆናል እያለ አሰበ። በሳምንቱ መሥሪያ ቤቱን ጠይቆ ሌላ ከተማ ወዳለው ቅርንጫፍ ሄደ።

ቴራፒስቷ ቤት ድረስ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ልጅቷ አንገቷን ማንሳት እንዳይኖርባት ከአልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ በሹክሹክታ አወራቻት። ደብተሩን ገለጠች። ከዚያ እሁድ ወዲህ ያለው ገጽ ሁሉ ባዶ ነው።

«እሁድ ምን ሆነ?»

«ቀኑን ሙሉ ጤነኛ ሆኜ ዋልኩ።»

ቴራፒስቷ አልተቆጣቻትም። ደብተሩን ወደ ኋላ እየገለጠች፣ «እዚህ ሰሃን አለ፣ መታጠብ አለ፣ ሽንኩርት መላጥ አለ» አለች። «እሱ ግን የትም የለም።»

«እሱ ሥራ አይደለም።»

«ጉልበት ይወስዳል?»

«በጣም።»

«ትወጂዋለሽ?»

እንባዋ ከዓይኗ ጥግ ተነስቶ ወደ ጆሮዋ ወረደ።

«እንግዲያው ይጻፋ!» አለች ቴራፒስቷ። «ወንበር ላይ ተቀመጪ፣ እረፊ የምልሽ ሰሃን እንድታጥቢ ብቻ መሰለሽ? ለምትወጂው ነገር ጉልበት እንዲተርፍሽ ነው።»

«ያለኝ ትንሽ ነው። ለሱ አይበቃውም።»

«መብቃት አለመብቃቱን እሱ ይናገር። አንቺ ለምን ትወስኚለታለሽ?»

በማግስቱ እናት ስልኩን አፏ ላይ ያዙላት። የድምፅ መልእክት ላከች፤ አንዱ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። ጠጋኙ ሩቅ ከተማ፣ አንድ ሆስፒታል ጣሪያ ላይ ካለ የሞተር ክፍል ውስጥ ሆኖ የመጀመሪያውን ሰማ።

«እኔ ነኝ። አክስቴ ጋ አልሄድኩም። አክስት የለኝም።»

ከሁለት ሰዓት በኋላ ሁለተኛው መጣ። «ታምሜ ነው። ደም ማነስ አይደለም። የቀረውን ነገ እነግርሃለሁ፤ ድምፄ አለቀ።»

መጀመሪያ ተናደደ፤ እየቆራረጠች የምትቀልድበት መሰለው። በሁለተኛው ቀን ግን የድምፅዋን መክሳት ሰማና ገባው። አልመለሰላትም፤ ብመልስላት እንደገና ታወራለች፣ ይደክማታል ብሎ ፈራ። በአራት ቀን ውስጥ አሥራ አንድ መልእክት ደረሰው። የመጨረሻው «ይኸው ነው። ሁሉም ይኸው ነው» ይላል። በማግስቱ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፈረ።

እናት በሩን ከፈቱ።

«አክስቷ ጋ ናት፣ እማማ?»

«አክስቷን ተዋትና ግባ!» አሉት፣ እየሳቁም እያለቀሱም።

ክፍሉ ጨለምለም ያለ ነው። ፀጉሯ ትራሱ ላይ ተጣብቋል፤ ከንፈሯ ደርቋል። ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«አሁን አየኸኝ» አለችው።

«አየሁሽ።»

«ልድን እችላለሁ፤ ላልድንም እችላለሁ። እህትህ ልክ ናት። እጎትትሃለሁ።»

«እህቴን ለኔ ተያት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በጣም ነው የተቀየምኩሽ። ስለታመምሽ አይደለም። ከሳምንት ውስጥ አርባ አምስት ደቂቃ ቆርሰሽ ሰጠሽኝ። የቀረው ሰዓትሽስ የማን ነው?»

«የቀረው እኮ ያስጠላል።»

«ያስጠላኝ። ግን ስጪኝ።»

እጇ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ቀስ ብላ ወጣችና እጁን አገኘች።

እህትዬው ነገሩን ስትሰማ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመችው። «አስታማሚ ላድርግህ ብዬ ነው ያሳደግኩህ?» አለችው። አልተከራከራትም። ቴራፒስቷ ለቤተሰብ በያዘችው ቀጠሮ ላይ ይዟት ሄደ። ቴራፒስቷ ብዙ አልሰበከችም። ማበጠሪያ ሰጠቻትና እጆቿን እንደ ፀጉር ሠሪ ከትከሻዋ በላይ አድርጋ እንድትይዝ ጠየቀቻት። እህትዬው «ይሄ ምን አለው?» ብላ አነሳች። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ክንዷ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ በአምስተኛው አወረደችው።

«በእርስዎ ክንድ ውስጥ አሁን ያለው ድካም» አለች ቴራፒስቷ፣ «እሷ ጥርሷን ስትፍቅ ነው የሚመጣባት፤ መላ ሰውነቷ ላይ። ያን እሁድ የሦስት ልጅ ፀጉር ሠርታለች።»

እህትዬው ማበጠሪያውን መለሰችላት። «እኔ እኮ ሰሃኑን አጠበችልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር» አለች፤ ያ ጎርናና ድምፅዋ ተሰበረ።

በዓመቱ ተጋቡ። ፊርማው ሃያ ደቂቃ ፈጀ፤ ሁለቱም ተቀምጠው ፈረሙ። ከዚያ ሙሽራዋ ወደ አልጋዋ ሄደች፤ እንግዶቹም ያለ ሙሽራ ድምፃቸውን ቀንሰው በሉ። ቅር ያለው ከሙሽራው ወገን የመጣ አንድ አጎት ብቻ ነበር፤ እሱንም እህትዬው «ዝም ብለህ ብላ» አለችው።

ቀልጣፋዋ ከጊዜ በኋላ በሳምንት ሁለት ደንበኛ መሥራት ጀመረች፤ ጎማ ባለው በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ በመሃል እያረፈች። በደብተሯ ውስጥ እንደ ሌላው ሥራ ሁሉ እሱም ተጽፎ አለ፤ «ከእሱ ጋር፣ ዝም ብሎ መቀመጥ።»

በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት ሌላ ጉንፋን ያዛትና ወደቀች። ይህኛውም ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ሆነ። እሱ ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ደጅ አውልቆ፣ ኮሽታ ሳያሰማ መግባት ተምሯል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ፣ «ቆጭቶህ ያውቃል?» አለችው።

የተንሸራተተውን ብርድ ልብስ እግሯ ላይ መለሰላት።

«አንዳንድ ቀን ይከብደኛል» አለ። «አልዋሽሽም። ከሥራ ወጥቼ መንገድ ላይ ቆም የምልበት ቀን አለ።»

«ከብዶህ ሳለ ለምን ትመጣለህ?»

ጥያቄው ግራ ያጋባው መሰለ።

«ወዴት ልሂድ ታዲያ? ቤቴ እኮ ነው።»

ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ በክርኗ ተደግፋ፣ መጀመሪያ ትከሻዋን፣ ትንፋሽ ወስዳ ደግሞ ወገቧን፣ ቀስ በቀስ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። በዚያን ቀን የነበራት ጉልበት ሁሉ እዚያ ላይ አለቀ። ከጎኗ ግን አንድ ሰው የሚተኛበት ቦታ ተከፈተ፤ እሱም ገባበት።