ቅርብ ካለው የሚጠራ ጠገራ ብር

በ1948 ዓ.ም.፣ በግንቦት ሙቀት የሆነ ነው። ስለ መተት፣ ስለ ድግምት፣ ስለ ገንዘብ መሳቢያ መድኃኒት ሲወራ እሰማለሁ እንጂ አምኜ አላውቅም፣ ቤቴን የሚጠብቅ እግዚአብሔር ነው ብዬ የምኖር ሴት ነኝ፣ ዛሬም እንደዚያው ነኝ። ይህ ግን በዓይኔ ያየሁት ነው።

ባለቤቴ ባቡር ላይ ይሠራል፣ ያን ሰሞን ወደ ጅቡቲ ወርዶ ነበር። እኔ ቀፊራ ገበያ ሎሚ እሸጣለሁ። ጡት የሚጠባውን ልጄን ትኩሳት ይዞት ጡት እምቢ ብሏል፣ ለሐኪም የሚሆን ሳንቲም በእጄ የለም፣ ስለዚህ በዚያ ቀትር፣ ድሬዳዋ በሩን ዘግቶ በሚተኛበት ሰዓት፣ ልጄን አዝዬ ገበያው ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ።

ከጀልዴሳ ገጠር በኩል የመጡ የሚመስሉ አሮጊት ሎሚውን በሙሉ ገዙኝና አንድ ጠገራ ብር ሰጡኝ። ያኔ ጠገራ ከገበያ እየጠፋ ቢሆንም ባላገሮቹ ይዘውት ይመጡ ነበር፣ እንደ ልማዳችን ድንጋይ ላይ ጣል አድርጌ ድምፁን ሰማሁ፣ ደህና ብር ነው። ድምፁ ግን አላቆም አለ፣ እመኑኝ፣ ጨብጬው እንኳ እንደ ሩቅ ደወል ቀስ እያለ ይሰማኛል።

«አትመንዝሪው ልጄ» አሉኝ። «ቤትሽ አኑሪው፣ የጎደለሽን ይጠራልሻል።»

«ከየት ነው የሚጠራው?»

«አቦ፣ ከየት ይመጣል? ቅርብ ካለው ነዋ።»

ልመነዝረው ብዞር ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። ቤት ገብቼ ብሩን ባዶ ጣሳ ውስጥ አኖርኩና ሱቅ እስኪከፈት ልጄን አቅፌ ጋደም አልኩ። እንቅልፍ ይውሰደኝ አይውሰደኝ አላውቅም፣ በመጋረጃው የገባው ብርሃን ጣሪያው ላይ እንደ ውሃ ይንቀሳቀሳል፣ አንድ ነገር መሬት ለመሬት ሲሳብ ይሰማኛል፣ ከዚያ ጣሳው ቅጭል አለ። አይጥ ነው ብዬ ተነሣሁ። ጠገራው ሁለት ሆኗል። አንደኛው ቀዳዳ አለው፣ ክሩ ገና በላብ እንደራሰ ነው። የጎረቤቴ የፋጡማ ልጅ አንገቷ ላይ የምታስረው ነበር።

ወዲያው ወሰድኩላት። ልጅቱ ምንጣፍ ላይ ተኝታለች፣ አንገቷ ባዶ ነው። ፋጡማ ሳቀች፣ ይቺ ልጅ ጭንቅላቷንም ብትጥል አታውቅም አለችኝ። ክሩን ስታገላብጠው ግን ቋጠሮው አልተፈታም፣ ክሩም አልተበጠሰም። ሳቋን ተወች።

«በጭንቅላቷ አይወጣም እኮ» አለች ቀስ ብላ። «ወላሂ፣ እዚያው አንገቷ ላይ ነው የቋጠርኩት።»

ቤቴ ተመለስኩ። የኔን ጠገራ ይዤ ወጣሁና ደጨቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ውስጥ ቀበርኩት። ሐኪሙን አብሬ የቀበርኩ መስሎኝ እያለቀስኩ ተመለስኩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የልጄ ገላ በረደ፣ ጡቴንም ፈልጎ ያዘ። ተመስገን አልኩ፣ ዛሬም ተመስገን እላለሁ። እየጠባ ሳለ ግን አንድ ሐሳብ መጣብኝ፣ ያን ቀን የጎደለኝ ገንዘብ ብቻ አልነበረም፣ የልጄ ጤናም ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ልጄን አዝዬ የግቢያችንን በር ሁሉ አንኳኳሁ፣ ልጆቹ ደህና አደሩ ወይ እያልኩ። ፋጡማ፣ ዛሬ ደግሞ ቆጠራ ጀመርሽ እንዴ ብላ ቀለደችብኝ። ሁሉም ደህና ናቸው። ከዚያ ወደሚቀጥለው ግቢ ተሻገርኩ።